የመኪናው ዋጋ ስንት ነው? አዲስ መኪና ስንገዛ ስለሚጨመሩ ክፍያዎች



ብዙዎቻችን መኪና ከገዛን በኋላ ቁልፉን ይዘን ወደ አገልጋዮችና ወደ ሽማግሌዎች እንመጣለን፤ «ጸልዩልን» እንላለን። ይህ መልካም ልማድ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤተል እስከ ካራ ቆሬ ባሉት አጥቢያዎች እንዲህ ያለ ጸሎት በየጊዜው ይጸለያል። ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት «እስቲ ይህን ውል አብረን እንየው» ብሎ የሚመጣ ምእመን በጣም ጥቂት ነው። ከግዢ በኋላ ከሚመጡት መካከል ደግሞ ደስታቸው ግማሽ የሆነ አለ። የተነገራቸው ዋጋ ሌላ፣ የከፈሉት ሌላ ሆኖባቸዋልና።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ስለዚያ ልዩነት ነው። አንዳንዱ አንባቢ «መጋቢ ስለ መኪና ዋጋ ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ መኪና መግዛት ማለት የብዙ ዓመት ዕቁብ፣ የባንክ ብድር፣ የተሸጠ ቦታ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድም የላከው ገንዘብ ማለት ነው። ብዙዎች የሚገዙት ለሽርሽር ሳይሆን ታክሲ ሠርተው ልጆቻቸውን ለማሳደግ ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ግዢ ውስጥ እውነትና ሐሰት፣ ግብርና ጉቦ፣ ምስክርነትና ኀፍረት አሉበት። ስለዚህ ጉዳዩ የመድረክም ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ሒሳብን ማስላት

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲናገር፣ ለመጨረስ የሚበቃው እንዳለው ያውቅ ዘንድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። ቃሉ የተነገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ምሳሌው ግን ከገበያና ከግንባታ የተወሰደ ነው። ጌታ ይህን ሲናገር ሰሚዎቹ ሁሉ ነገሩ የማስተዋል ሥራ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። እኛ ግን መሠረቱን ብቻ ቆጥረን ግንቡን እንጀምራለን። ሻጩ የነገረንን የመጀመሪያ ቁጥር ይዘን ወደ ቤት እንሮጣለን፣ ለቤተሰብ እናበሥራለን፣ ቀብድ እንከፍላለን። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎቹ ቁጥሮች አንድ በአንድ የሚመጡት።

ለምሳሌ ያህል እንመልከት፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። አንድ መኪና 3,000,000 ብር ነው ተባለ። ገዢው ተስማማ። በማግሥቱ «ዋጋው ያለ ቫት ነው» ተባለ፤ 15 በመቶ ሲታከል 450,000 ብር ጨመረ። «ሰሌዳና ሊብሬ እኛ እናስጨርሳለን» ተብሎ 60,000 ብር ተጠየቀ። ጂፒኤስና አላርም ቀድሞ ተገጥሞ ስለ ነበር 70,000 ብር፤ ለመስታወት ፊልም፣ ለወንበር ልብስና ለምንጣፍ 45,000 ብር። በመጨረሻም ደላላው 2 በመቶ ብሎ 60,000 ብር ወሰደ። ጠቅላላው 3,685,000 ብር ሆነ። ጭማሪው ብቻ 685,000 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ዋጋ ከአምስት አንድ እጅ ይበልጣል። አንዱም ክፍያ ብቻውን ሲታይ አያስደነግጥም፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ይከታሉ።

ዋጋው ከምን ከምን የተሠራ ነው?

ጭማሪ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አንዳንዱ የመንግሥት መብት ነው፣ አንዳንዱ የሦስተኛ ወገን ዋጋ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሻጩ ራሱ የሚጨምረው ነው። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ ገዢ ሁሉንም «ቀረጥ ነው» ሲባል ያምናል።

አንደኛው ወገን የመንግሥት ቀረጥና ታክስ ነው። ከውጭ የሚገባ መኪና የጉምሩክ ቀረጥ፣ የኤክሳይስ ታክስ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ እንደየዓይነቱ ሊመለከተው ይችላል። እነዚህ ጎን ለጎን ብቻ የሚደመሩ አይደሉም፤ የኋለኛው የሚሰላው የፊተኛው በተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው። በአገራችን መኪና የተወደደበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ መኪናው ዕድሜ ልዩነት አድርጎ፣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ ከባድ ታክስ ጥሏል።

በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለማበረታታት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረጋቸው። ቀረጡም ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ ሆኖ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ መታየቱ የዚህ ውጤት ነው። እንዲህ ያለ የታክስ መብት በየጊዜው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ገዢው «ይህ መኪና ዛሬ የትኛው ታክስ አለበት? የትኛው ተከፍሎበታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱም በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ «ቀረጥ ጨመረብን» ካለ ወረቀቱን ያሳይ።

ሁለተኛው ወገን የሦስተኛ ወገን ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታው ነው። በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ደግሞ መኪናው ለብድሩ መያዣ ስለሚሆን ባንኩ ሙሉ ሽፋን ያለው መድን ይጠይቀዋል። የሰሌዳ፣ የሊብሬና የምርመራ ክፍያዎችም አሉ፤ የስም ዝውውር ሲኖር ደግሞ በዋጋው ላይ የሚታሰብ የቴምብር ቀረጥ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ደረሰኝ አላቸው። ደረሰኙ በማን ስም ተቆረጠ? ስንት ይላል? የሚለውን ማየት በቂ ነው።

ሦስተኛው ወገን ሻጩ በራሱ ፈቃድ የሚጨምረው ነው። ብዙው ክርክር ያለው እዚህ ነው፤ ቀጥለን አንድ በአንድ እናየዋለን።

ሻጭ የሚጨምራቸው ክፍያዎች

«ዋጋው ያለ ቫት ነው»። ከሁሉ የሚበልጠው ጭማሪ ይህ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ «በደረሰኝ ከሆነ ይጨምራል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀንሳል» ይባላል። ይህ ለገዢው የተደረገ ቅናሽ መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን ገዢው ታክስ በመሰወር እንዲተባበር የቀረበ ግብዣ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግብር ለሚገባው ግብርን፣ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጥን እንድንሰጥ አዝዞናል (ሮሜ 13፥7)። ከመንፈሳዊው ነገር ሌላ፣ ደረሰኝ የሌለው ገዢ ነገ ቢከሰስም ቢከስም የሚያሳየው ነገር የለውም።

«ጉዳይ ማስፈጸሚያ»። ሻጩ ሰሌዳና ሊብሬ አውጥቶ ለማስረከብ የድካም ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል (ሉቃ. 10፥7)። ነገር ግን «ለምን ይህን ያህል በዛ?» ሲባል «እዚያ ያሉትን ዝም ማሰኘት አለብን» ወይም «የሻይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ ተለወጠ። በእኛ ገንዘብ፣ በእኛ ስም ጉቦ ሊሰጥ ነው። በእጃችን ስላልሰጠን ንጹሕ አንሆንም። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ጉቦን የከለከለው የሚያዩትን ዓይኖች ስለሚያሳውር ነው (ዘጸ. 23፥8)። ራሳችን ወደ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ ቅርንጫፍ ሄደን ተሰልፈን ብናስጨርስ ጥቂት ቀን ሊፈጅብን ይችላል፤ ኅሊናችን ግን ያርፋል።

ቀድመው የተገጠሙ ዕቃዎች። ፊልም፣ ምንጣፍ፣ የወንበር ልብስ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ የመሳሰሉት ናቸው። ሻጩ መኪናው ላይ ገጥሞ ያቆማቸውና «ከእነዚህ ጋር ነው የሚሸጠው» ይላል። ገዢው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ አንድ፣ ያልተገጠመበትን መኪና መጠየቅ፤ ሁለት፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ለብቻው አስጽፎ ከውጭ ገበያ ጋር ማወዳደር። ብዙ ጊዜ ተመሳሳዩን ዕቃ መርካቶ ወይም ሰፈራችን ካሉ የመኪና ጌጣጌጥ ሱቆች በረከሰ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። መግዛት ያለብን የሚያስፈልገንን እንጂ የተሰቀለውን ሁሉ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ጭማሪዎች። እነዚህ አዲስ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ መኪኖች በውስጣቸው ያለው ስክሪን በቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር ለብቻ ይከፈላል። የኃይል መሙያ ሶኬታቸውም የቻይናን ደረጃ የተከተለ ስለሚሆን፣ የቤት ቻርጀሩ ከመኪናው ጋር ይሰጣል ወይስ ለብቻው ይገዛል? ማን ይገጥመዋል? የቤታችን የመብራት መስመርስ ይችለዋል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የባትሪው ዋስትና አለ። «የፋብሪካ ዋስትና አለው» ከተባለ፣ ዋስትናውን አዲስ አበባ ላይ የሚፈጽመው ማን ነው? ፋብሪካው ነው፣ አስመጪው ነው ወይስ ማንም? በሌላ አገር ገበያ ተገዝቶ በሌላ ነጋዴ እጅ የመጣ መኪና የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ላይሠራለት ይችላል። ለማይሠራ ዋስትና የሚከፈል ገንዘብ ለነፋስ የተከፈለ ነው።

የወደብና የማጓጓዣ ክፍያ። መኪናው ገና መንገድ ላይ ሳለ የገዛ ሰው «ጅቡቲ ዘገየ፣ ዲመሬጅ መጣ» ወይም «ሞጆ ደረቅ ወደብ ኪራይ ቆጠረ» ይባላል። መዘግየቱ በማን ጥፋት እንደ መጣ ሳይታወቅ ኪሳራው ወደ ገዢው ይዞራል። ይህ አስቀድሞ በውል ካልተጻፈ፣ በኋላ በቃል የሚመጣ ነገር ነው።

ቅድሚያ ክፍያና «የዶላር ልዩነት»

ብዙ ሰው መኪናውን ሳያይ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ከፍሎ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ።

የመጀመሪያው የዋጋ መለወጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ያለ ለውጥ በሚመጣበት አገር አስመጪው ራሱን ለመጠበቅ «የምንዛሪ ልዩነት ቢኖር ገዢው ይከፍላል» የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ማስገባቱ አያስደንቅም። ችግሩ ገዢው ሳያነበው መፈረሙ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ልክ ሊኖረው ይገባል፦ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ይሰላል? ዶላር ቢወርድስ ለገዢው ይቀነሳል? ጭማሪው ከዚህ በላይ ከሆነ ገዢው ገንዘቡን መልሶ መውሰድ ይችላል? መልስ የሌለው አንቀጽ ባዶ ቼክ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መኪናው ፈጽሞ አለመምጣቱ ነው። በሞጆ ፋብሪካ ከፍቶ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ገደማ ሲከስር፣ ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው መኪናቸውን ያልተረከቡ ደንበኞች ነበሩ። በስማቸው የታወቁ፣ ቢሮና ፋብሪካ ያላቸው ድርጅቶችም ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ትንሽ ይሁን፤ የማስረከቢያ ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ቢያልፍ የሚመለሰው ገንዘብና ቅጣቱ ይጻፍ፤ ክፍያውም በባንክ በድርጅቱ ስም ይሁን። በግለሰብ ሒሳብ አስገቡ ከተባለ ቆም ብለን እንጠይቅ።

ሁለት ዋጋ ያለው ውል

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ደርሰናል። እስካሁን ያየነው ሻጩ በእኛ ላይ ስለሚጨምረው ነው። እኛ ራሳችን የምንቀንሰውስ? በከተማችን የተለመደ ነገር አለ፦ መኪናው በ2,600,000 ብር ይሸጣል፣ በውሉ ወይም በደረሰኙ ላይ ግን 900,000 ብር ተብሎ ይጻፋል። ምክንያቱ ታክስና የቴምብር ቀረጥ እንዲያንስ ነው። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይባላል። የቤተ ክርስቲያን አባላትም ጸልየው መጥተው ይፈርሙበታል።

አንድ በታክሲ ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ወንድም ልክ በዚህ መንገድ መኪና ገዛ። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው የተባለው የምርት ዓመት እንዳልሆነ ታወቀ። ውሉ እንዲፈርስና ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። ሻጩ በትሕትና «እሺ፣ በውሉ ላይ ያለውን እመልስልሃለሁ» አለው። የከፈለውና የተጻፈው ልዩነት 1,700,000 ብር ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ወንድማችን «ውሸት ነው የፈረምሁት» ብሎ ካልጀመረ በቀር እውነቱን የሚናገርበት በር አልነበረውም። ሻጩ ያታለለው አንድ ጊዜ ነው፤ አፉን የዘጋው ግን የራሱ ፊርማ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ግዢ የሚነግሩን አንድ ድንቅ ታሪክ አለ። አብርሃም ሣራ በሞተች ጊዜ የመቃብር ስፍራ ሊገዛ ወደ ኤፍሮን ሄደ (ዘፍ. 23)። ኤፍሮን በመጀመሪያ «በነጻ እሰጥሃለሁ» አለ። ቀጥሎ ግን 400 ሰቅል ብር ጠርቶ፣ በእኔና በአንተ መካከል ይህ ምንድን ነው የሚል ቃል ጨመረበት። የገበያ ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል፤ «በእኛ መካከል ችግር የለም፣ በኋላ እንነጋገራለን» እንደሚባለው ነው። አብርሃም ግን በዚህ ቋንቋ አልተያዘም። የተባለውን ዋጋ በሙሉ፣ በነጋዴዎች ዘንድ በሚሠራበት ብር፣ የኬጢ ልጆች እየሰሙ መዘነለት። ቁጥር 17 ደግሞ የተገዛውን ይዘረዝራል፦ እርሻው፣ በውስጡ ያለው ዋሻ፣ በእርሻውና በዳርቻው ያሉት ዛፎች ሁሉ። የተከፈለው ዋጋ ታውቋል፣ የተገዛው ነገር ተዘርዝሯል፣ ምስክሮች አሉ። ከዚያ በኋላ «ዛፎቹ ለብቻ ናቸው» የሚል ሰው አልተነሣም።

ኤርምያስም በዓናቶት እርሻ ሲገዛ 17 ሰቅል መዝኖ፣ ውሉን ጽፎና አትሞ፣ ምስክሮች ጠርቶ ነው የገዛው (ኤር. 32፥9-12)። ዳዊትም የኦርናን አውድማ በነጻ ሲሰጠው እንቢ ብሎ በሙሉ ዋጋ ገዛ (1 ዜና 21፥24)። እነዚህ የእምነት ሰዎች በእግዚአብሔር መታመናቸው ከግልጽ ሒሳብ አላገዳቸውም። ሻጩ አንድ እውነተኛ ዋጋ እንዲነግረን የምንፈልግ ከሆነ፣ እኛም አንድ እውነተኛ ዋጋ እንጻፍ። የተደበቀ ክፍያን እየተቃወምን የተደበቀ ዋጋ መፈረም አንችልም።

ለደላሎችና ለሻጮች አንድ ቃል

በአብያተ ክርስቲያናችን መኪና የሚሸጡና የሚያሻሽጡ ወንድሞች አሉ። ሥራችሁ የተከበረ ሥራ ነው፤ ገዢና ሻጭን ማገናኘት ድካም አለበት፣ ዋጋም ይገባዋል። የሚያሳስበው ሦስት ነገር ነው። ኮሚሽናችሁን ከመጀመሪያው አለመናገር፤ ከሁለቱም ወገን ተቀብላችሁ ለአንዳቸው አለመግለጽ፤ ሻጩ ከፈለገው ዋጋ በላይ ጨምራችሁ ልዩነቱን በዝምታ መውሰድ። ቀራጮች ወደ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፣ ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም፤ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ነገራቸው (ሉቃ. 3፥12-13)። ይህ ቃል ዛሬም ለእኛ ይበቃል።

ገዢም ከዚህ አያመልጥም። መጽሐፈ ምሳሌ ሲገዛ ዕቃውን የሚያንኳስስ፣ ከሄደ በኋላ ግን በግዢው የሚመካ ሰው እንዳለ ይናገራል (ምሳ. 20፥14)። ዋጋ መከራከር ኃጢአት አይደለም፤ መዋሸት ግን ነው።

ከመፈረማችን በፊት

1. አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ሰሌዳ ተለጥፎበት፣ ሊብሬው በስሜ ሆኖ፣ ቁልፉን እስክረከብ ድረስ ከኪሴ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው?» ሌላ ዋጋ አትወያዩ።

2. መልሱን በዝርዝርና በጽሑፍ ተቀበሉ፦ የመኪናው ዋጋ፣ ታክስ፣ ሰሌዳና ሊብሬ፣ መድን፣ የተገጠሙ ዕቃዎች፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ኮሚሽን። በመጨረሻም «ከዚህ ውጪ ምንም ክፍያ አይጠየቅም» የሚል መስመር ይጨመርበት።

3. ያንኑ ዝርዝር ቢያንስ ከሁለት ሌሎች ሻጮች ጠይቁ። የምታወዳድሩት የመጀመሪያውን ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላውን ነው።

4. የሻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከዲክላራሲዮኑ ጋር አመሳክሩ፤ የምርት ዓመቱን እዩ። የታመነ መካኒክ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

5. ውሉን ወደ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ ይጨምራል» የሚል ግፊት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ለትዳር ጓደኛችሁና ለአንድ አስተዋይ ሰው ሳታሳዩ አትፈርሙ።

6. በባንክ ክፈሉ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ከከፈላችሁት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

7. ከተስማማችሁት ውጪ አዲስ ክፍያ ቢመጣ ለመተው ዝግጁ ሁኑ። ልባችን አስቀድሞ በመኪናው ከተያዘ አንደራደርም፤ የተጠየቅነውን እንከፍላለን።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1958 ጀምሮ በአዲስ መኪና መስታወት ላይ ፋብሪካው የተመነውን ዋጋና የተጨመሩትን ዕቃዎች የሚዘረዝር ወረቀት እንዲለጠፍ ሕግ ያስገድዳል። ሆኖም ሻጮች በመጨረሻው ሰዓት የሚጨምሩት ክፍያ አልቆመም፤ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው አዲስ ደንብም በ2025 መጀመሪያ በፍርድ ቤት ተሽሯል። በዚያ የምትኖሩ ወገኖቻችን እዚያም ቢሆን ጠቅላላውን ዋጋ በጽሑፍ ከመጠየቅ የሚያድን ሕግ የለምና ተጠንቀቁ። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሏል። ሕግ ይረዳል፤ የሚረዳው ግን ጠይቆ በወረቀት የያዘውን ሰው ነው።

የቤተ ክርስቲያን መኪና ሲገዛ

ለአገልግሎት ሚኒባስ ወይም የቤት መኪና የሚገዙ አጥቢያዎች ከግለሰብ ይልቅ ሊጠነቀቁ ይገባል። ገንዘቡ የመበለቲቱ አሥራትና የተማሪው መባ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ነገሩ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም እንዲሆን አስቦ ሌሎች ወንድሞችን ጨመረ (2 ቆሮ. 8፥20-21)። ስለዚህ ገዢው አንድ ሰው አይሁን፤ ሦስት የዋጋ ዝርዝር ይቅረብ፤ ኮሚሽን የወሰደ አባል ካለ ይታወቅ፤ ጠቅላላው ወጪ ለጉባኤው ይነገር። «3,000,000 ገዛን» ተብሎ ተነግሮ 3,685,000 ከሒሳቡ ከወጣ፣ ማንም ባይሰርቅም ጥርጥር ይገባል፤ ጥርጥር የገባበት ኅብረት ደግሞ በመኪና አይጠገንም።

ከተታለልን በኋላስ?

ይህን እያነበበ «ለእኔ ዘግይቷል» የሚል ሰው ይኖራል። በመጀመሪያ ወረቀቶችህን ሰብስብ። ሻጩ በጌታ ወንድምህ ከሆነ ለብቻህ ሄደህ አነጋግረው፤ ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ (ማቴ. 18፥15-16)። ካልሆነ ለክፍለ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከትና የሕግ ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ሰውን በስሙ ከመሳደብ ግን ተጠበቅ። ሌላው ትልቅ ፈተና ደግሞ መኪናውን መልሶ በመሸጥ ጊዜ ይመጣል፤ «እኔም ተታልያለሁ» ብሎ ጉድለቱን ለሚቀጥለው ሰው ሰውሮ ማስተላለፍ። ሰንሰለቱ በአንድ ሰው መቆም አለበት፤ ያ ሰው ክርስቲያን ይሁን።

በሰፈራችን ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን እንገበያያለን። ቀድሞ ወንጌላውያን ጥቂት በነበርንበት ዘመን፣ እምነታችንን የማይወዱ ሰዎች እንኳ «ጴንጤ ነው፣ አይዋሽም» ብለው ሱቃቸውን ያምኑን ነበር። ያ ስም በስብከት ብቻ የተገኘ አልነበረም፤ በሚዛን፣ በብድር፣ በቃል መጠበቅ የተገኘ ነው። ዛሬ ቁጥራችን በዝቷል። ያ ስም ግን በየውሉ ላይ በምንጽፈው ቁጥር ይጸናል ወይም ይጠፋል።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ጸሎቱን ከቁልፉ በፊት አድርጉት። ውሉን ይዛችሁ ኑ፣ ቁጥሮቹን አብረን እንደምር፣ ከዚያ በኋላ እንጸልይ። እውነት በተጻፈበት ወረቀት ላይ የሚጸለይ ጸሎት «አሜን» ለማለት አያሳፍርም።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። የእጃችሁንም ሥራ ይባርክ። አሜን።